የአስተዳደር ቶክን፦ ድምፅ በገንዘብ ሲተመን

ዩኒስዋፕ የተባለው የክሪፕቶ መገበያያ በሴፕቴምበር 2020 ማንም ያልጠበቀውን ስጦታ አደለ። ከዚያ ወር መባቻ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ለተገበያየበት የዋሌት አድራሻ ሁሉ 400 ዩኒ የተባለ ቶክን በነፃ ሰጠ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስጦታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። በሜይ 2021 የአንዱ ዩኒ ዋጋ ከ40 ዶላር ሲያልፍ ደግሞ ሳይሸጥ ያቆየው ሰው ከ16 ሺህ ዶላር በላይ በእጁ ነበረው። ይሁን እንጂ ቶክኑ ለባለቤቱ ይሰጥ የነበረው መብት አንድ ብቻ ነው፤ ድምፅ መስጠት። መገበያያው ከሚያስገባው ገንዘብ ሳንቲም አይደርሰውም ነበር። ታዲያ ሰው ያን ያህል ገንዘብ የከፈለው ለምንድን ነው?

ያልተማከለ ፋይናንስ፣ በተለምዶ ዲፋይ የሚባለው፣ ሰዎች ባንክም ደላላም መሃላቸው ሳይገባ የሚበዳደሩበትና ገንዘብ የሚመነዝሩበት ሥርዓት ነው። ሥራውን የሚሠራው ኢተሪየምን በመሰለ ብሎክቼይን ላይ የተጫነ፣ ፕሮቶኮል የሚባል ኮድ ነው። ኮዱ ግን ሁሉን ነገር በራሱ አይወስንም። ተበዳሪው ምን ያህል መያዣ ያስይዝ? ከእያንዳንዱ ግብይት የሚቆረጠው ክፍያ ለማን ይግባ? ካዝናው ውስጥ ያለው ገንዘብ ለምን ይዋል? ይህን ሁሉ በድምፅ የሚወስኑት የአስተዳደር ቶክን የያዙ ሰዎች ናቸው። ደንቡ በአብዛኛው አንድ ቶክን አንድ ድምፅ ነው፤ ሺህ የያዘ ሺህ ድምፅ አለው። አሠራሩን በሰፊው ያስለመደው ኮምፓውንድ የተባለው የብድር ፕሮቶኮል ነው፤ በጁን 2020 ለአበዳሪዎቹና ለተበዳሪዎቹ ኮምፕ የተባለ ቶክኑን ማከፋፈል ሲጀምር ሌሎቹም ተከተሉት።

የባንክ አክሲዮን የገዛ ሰው ሁለት ነገር ያገኛል። በጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ ይሰጣል፣ ባንኩ ሲያተርፍ ደግሞ የትርፍ ድርሻውን ይወስዳል። ቢበደል የንግድ ሕግ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ። ብዙዎቹ የአስተዳደር ቶክኖች ከዚህ ሁሉ የሰጡት የጉባኤውን ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን ቶክን ከሌላው ለመለየት መጠየቅ ያለበት ድምፁ ምን ላይ ይደርሳል የሚለው ነው። ገቢ ላይ የማይደርስ፣ ካዝና የማያዝዝ ድምፅ በእኔ እምነት ሻጭ እንጂ ዋጋ የለውም።

ዩኒስዋፕ ላይ ትንሽ እንቆይ። በ2020 በነበረው ሁለተኛ እትሙ ከእያንዳንዱ ግብይት 0.3 በመቶ ይቆረጥ ነበር፤ ይህም የሚሄደው ገበያው እንዲንቀሳቀስ ገንዘባቸውን እዚያ ላስቀመጡ ሰዎች ነበር። ኮዱ ውስጥ ግን አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ነበር። ቢበራ ከ0.3 በመቶው ላይ 0.05ቱ ወደ ፕሮቶኮሉ ይዞራል። የዩኒ ባለቤቶች በድምፃቸው ሊያበሩት ይችሉ ነበር፤ ለዓመታት ግን ጠፍቶ ቆየ። አንደኛው ስጋት ገቢ የሚያካፍል ቶክን በአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ሕግ እንደ አክሲዮን ይቆጠራል የሚል ነው። ሌላው፣ ድርሻቸው የተቀነሰባቸው ገንዘብ አስቀማጮች ወደ ተፎካካሪ ገበያ ይሄዳሉ የሚል ነበር። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ዩኒ የገዛ ሰው የገዛው ይህ ማብሪያ አንድ ቀን ይበራል የሚለውን ተስፋ ነው።

በኖቬምበር 2025 የዩኒስዋፕ መሥራች ሄይደን አዳምስና ባልደረቦቹ ማብሪያው እንዲበራ ሐሳብ አቀረቡ፤ የዩኒ ዋጋም ወዲያው አሻቀበ። በዲሴምበር ሐሳቡ በድምፅ ጸደቀ። የሚገኘው ገንዘብ ግን ለባለቤቶቹ በእጅ አይከፈልም፤ ዩኒ ለማቃጠል ይውላል። ማቃጠል ማለት ቶክኑን ዳግም ሊንቀሳቀስ በማይችልበት አድራሻ መቅበር ነው። የቶክኑ ቁጥር ሲያንስ የቀሪዎቹ ባለቤቶች ድርሻ ያድጋል። በውሳኔው መሠረት ሲጀመር ከተፈጠረው 1 ቢሊዮን ዩኒ ውስጥ 100 ሚሊዮኑ ከካዝናው ወጥቶ ተቃጠለ።

ከዚያ ቀደም ብሎ ተመሳሳይ መንገድ የተከተለው ሜከር ነበር፤ በ2024 ስሙን ስካይ ብሎ ቀይሯል። ሜከር ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘውን ዳይን ያበድር ነበር፤ ከብድሩ ወለድ የተረፈው ኤምኬአር የተባለውን የአስተዳደር ቶክን ከገበያ ገዝቶ ለማቃጠል ይውል ነበር። ኪሳራ ሲመጣ ደግሞ የሚሸከሙት እነዚያው የቶክን ባለቤቶች ነበሩ። ማርች 12 ቀን 2020 የኢተሪየም ገንዘብ የሆነው የኢተር ዋጋ በአንድ ቀን ከ40 በመቶ በላይ ወረደ። የተበዳሪዎች መያዣ በጨረታ ሲሸጥ አንዳንዱ በዜሮ ዋጋ ተወሰደ። ጉድለቱን ለመሙላት ወደ 21 ሺህ የሚጠጋ አዲስ ኤምኬአር ተፈጥሮ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ፤ የነባሮቹም ድርሻ በዚያው ልክ ቀጠነ። ይህን አሠራር አከብረዋለሁ። መያዣው ስንት ይሁን ብሎ የወሰነ ሰው ውሳኔው ሲሳሳት ከኪሱ ይከፍላልና።

ድምፅ ገንዘብ ላይ ከደረሰ ደግሞ ለሌባም ይጠቅማል። ቢንስቶክ በተባለው ፕሮቶኮል ኤፕሪል 17 ቀን 2022 የሆነው ይህ ነው። አጥቂው ከአንድ ቀን በፊት የውሳኔ ሐሳቦች አስገባ፤ አንዱ ለዩክሬን እርዳታ የሚሰጥ ይመስል ነበር። ደንቡ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያገኘ ሐሳብ ከ24 ሰዓት በኋላ በአስቸኳይ እንዲፈጸም ይፈቅድ ነበር። ጊዜው ሲደርስ አጥቂው ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ፍላሽ ሎን ተበደረ። ፍላሽ ሎን መያዣ አይጠየቅበትም፤ ብድሩ እዚያው የክፍያ ትእዛዝ ውስጥ ካልተመለሰ ግን ትእዛዙ በሙሉ እንዳልነበረ ይሆናል። በብድሩ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ድምፅ ያዘ፣ ለራሱ ሐሳብ ድምፅ ሰጠ፣ ካዝናውን ባዶ አደረገ፣ ብድሩንም መለሰ። ይህ ሁሉ ያለቀው በአንድ ትእዛዝ ነው። ፕሮቶኮሉ ወደ 182 ሚሊዮን ዶላር አጣ፤ አጥቂው ከ70 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይዞ ሄደ። ኮዱ የተጻፈለትን ነው የሠራው። የጎደለው ቶክኑ መቼ ተያዘ የሚለው ጥያቄ ነው። ኮምፓውንድን የመሰሉ ፕሮቶኮሎች የሚቆጥሩት ድምፅ መስጠት ከመጀመሩ በፊት የተያዘን ቶክን ነው፤ በውሳኔና በአፈጻጸም መካከልም የመጠበቂያ ጊዜ ያስቀምጣሉ።

ኮምፓውንድም ቢሆን በጁላይ 2024 ተፈትኗል፤ ያውም ደንቡ ሳይጣስ። ሃምፒ በሚል ስም የሚታወቅ ባለሀብትና ተባባሪዎቹ ብዙ ኮምፕ ሰበሰቡ። ከዚያም 499,000 ኮምፕ፣ በጊዜው ወደ 24 ሚሊዮን ዶላር፣ እነሱ ወደሚያስተዳድሩት ቋት እንዲዛወር ሐሳብ አቀረቡ። በ682,191 ድጋፍና በ633,636 ተቃውሞ አለፈ። ብዙው ባለቶክን ድምፅ አልሰጠም ነበርና ጥቂት የተደራጁ ሰዎች በቂ ሆኑ። ጩኸቱ ሲበረታ ዝውውሩ በስምምነት ቀረ፤ በምትኩም ከፕሮቶኮሉ ገቢ የተወሰነው ለኮምፕ ባለቤቶች የሚደርስበት መንገድ እንዲጠና ተባለ። ቡድኑ ያነሳው አቤቱታ ግን መሠረት ነበረው። ኮምፕ የያዘ ሰው ከድምፅ በቀር ምንም አያገኝም ነበር።

ከርቭ በተባለው መገበያያ የድምፅ ዋጋ ጨርሶ አልተሸፈነም። ቶክኑን እስከ 4 ዓመት የቆለፈ ሰው አዲስ የሚፈጠረው ቶክን ወደ የትኛው ገበያ እንዲፈስ ይወስናል፤ ሌሎች ፕሮቶኮሎችም ወደ እነሱ እንዲያዞረው በግልጽ ይከፍሉታል። አንዳንዱ ጉቦ ይለዋል። ለእኔ የሚታየኝ ቢያንስ ዋጋው የታወቀ መሆኑ ነው።

ቶክን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ካዝናውን በደንብ ይመርምር። በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ካዝና አለን የሚሉ ፕሮቶኮሎች አብዛኛው ሀብታቸው የራሳቸው ቶክን ሆኖ ይገኛል፤ ዋጋው ሲወርድ ካዝናውም አብሮ ይወርዳል። ገና ወደ ገበያ ያልወጣውንም ይቁጠር። ከዩኒ 40 በመቶ ያህሉ ለሠራተኞች፣ ለባለሀብቶችና ለአማካሪዎች የተመደበና በ4 ዓመት ቀስ በቀስ የተለቀቀ ነበር። ቼይናሊሲስ የተባለው ድርጅት በ2022 በተመለከታቸው፣ በቶክን ድምፅ በሚተዳደሩ ትልልቅ ማኅበራት ከባለቶክኖቹ 1 በመቶ የማይሞሉት 90 በመቶውን ድምፅ ይዘው አግኝቷቸዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ አንባቢ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕጋዊ አይደለም ብሎ ማስጠንቀቁን አይርሳ።

ድምፁ በማን እጅ እንዳለ ለማጣራት የውስጥ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። የማንኛውም ትልቅ ፕሮቶኮል የድምፅ መዝገብ ብሎክቼይን ላይ ክፍት ነው። ማን ሐሳብ እንዳቀረበ፣ የትኛው አድራሻ በስንት ቶክን እንደደገፈ፣ ገንዘቡም ወዴት እንደተላከ ማንም ሳይመዘገብ ያያል። ዩኒስዋፕ ላይ አንድ ሐሳብ እንዲያልፍ ቢያንስ 40 ሚሊዮን የድጋፍ ድምፅ ያስፈልገዋል። የቅርቦቹን ጥቂት ውሳኔዎች ከፍቶ ያ ቁጥር ከስንት አድራሻዎች እንደተሟላ መቁጠር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።