ታንኳ፦ ደርቃ የምትኖር ጀልባ

ከደሴ ፒያሳ ተነስቶ በወልዲያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከከተማዋ ዝቅ ሲል ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቀው ሐይቅ ተኝቷል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛሬ በእግር ይገባበታል፤ በቀድሞው ዘመን ግን ደሴት ነበርና መንገዱ ውሃ ነበር። ደቀ መዝሙሩም፣ መጽሐፉም፣ እህሉም በውሃ ላይ ተሻግሯል።

ውሃ መንገድ በሆነበት አገር ከሁሉ ቀድሞ የሚፈለገው መሻገሪያ ነው። በአገራችን መሻገሪያ የመሥራት ጥበብ ጎልቶ የሚታየው ጣና ሐይቅ ላይ ነው። እንግዳ ሰው በጣና ዳርቻ ሲያልፍ ዛፍ ተደግፋ ሽቅብ የቆመች ታንኳ ቢያይ የተጣለች ይመስለዋል። እሷ ግን በዚያች ሰዓት ዕድሜዋን እያረዘመች ነው። ታንኳን ማወቅ የሚጀመረውም ከዚህ ነው፤ የምትሠራው በውሃ ላይ ነው፣ የምትኖረው ግን በመድረቋ ነው።

ታንኳ ምስማር የላትም። አካሏ ደንገል ነው። የደንገል አገዳ ሦስት ማዕዘን አለው፤ ውጭው ለስላሳ አረንጓዴ ቅርፊት፣ ውስጡ አየር ያዘለ ነጭ ስፖንጅ ነው። የሚያንሳፍፈው ያ አየር ነው። ባለሙያው ደንገሉን አጭዶ ያጠወልጋል፤ ከዚያ በነዶ በነዶ እየጠቀለለ በልጥ ጠፍሮ ያስራል። ዋናው ነዶ ወለል ይሆናል፤ በግራና በቀኝ የሚጨመሩት ግድግዳ ይሆናሉ፤ አፍንጫዋ ወደ ላይ ይቀለበሳል። በውስጧ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይገባል። ውሃ በነዶዎቹ መካከል መስረጉ ስለማይቀር እህሉና ተሳፋሪው በዚህ ንጣፍ ላይ ከእርጥበቱ ከፍ ብለው ይቀመጣሉ። ለዚህ ሙያ በጣና ዙሪያ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው።

የታንኳ ዕድሜ በወራት የሚቆጠር ነው። ወሩን የሚወስነው ደግሞ የባለቤቷ እጅ ነው። ውሃ ወደ አገዳው የሚገባው በተቆረጠው ጫፍና በተላጠው ቅርፊት በኩል ነው። ስፖንጁ አየሩን ለውሃ ሲለቅ ታንኳዋ ትከብዳለች። ስለዚህ ጉዞው እንዳለቀ ወደ ደረቅ ትወጣለች፤ ጫፏ ላይ ስትቆም የጠጣችው ውሃ ቁልቁል ይወርዳል፣ ነፋስና ፀሐይም የቀረውን ይጨርሱታል። በዳርቻ ድንጋይ ላይ መጎተትም ቅርፊቱን ይልጠዋልና በሸክም ብትወጣ ይመረጣል።

ችግሯንም ራሷ ትናገራለች። ያለ ጭነት ዝቅ ብላ ከተቀመጠች ውሃ ጠጥታለች፤ መድኃኒቷ ማድረቅ ነው። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለች መጀመሪያ ጭነቱ ይስተካከላል፤ ካልተቃናች አንዱ ጎን ከሌላው ይበልጥ ርሷል ማለት ነው። ስትታጠፍ የምትላወስ ከሆነ ማሰሪያዋ ላልቷል። ደንገል ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሟሽሻል፤ ትናንት የጠበቀው ማሰሪያ ከፀሐይ በኋላ ሊላላ ይችላል፤ ስለዚህ ወደ ውሃ ከመግባቷ በፊት እያንዳንዱ ማሰሪያ በእጅ ይፈተሻል። ሆዷ ጠቁሮ በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ ግን ያ ነዶ በስብሷል፤ ማድረቅ አያድነውም፣ በአዲስ መተካት አለበት።

አንድ ማሰሪያ ምን ያህል እንደሚከብድ ዓለም ያየው በጣና ደንገል ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 ከጣና የታጨደ ደንገል ወደ ግብፅ አስጭኖ፣ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ባለሙያዎች እጅ «ራ» የተባለችውን ጀልባ አሠራ። ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነስታ የአትላንቲክን አብዛኛውን ክፍል ካቋረጠች በኋላ ባርቤዶስ ሳትደርስ ጅራቷ ሰምጦ ተፈታች። በጥንታዊ የግብፅ ሥዕሎች ላይ ከተቀለበሰው ጅራት ወደ ወለሉ የሚወርድ ገመድ ይታያል። «ራ» ላይ ግን ይህ ገመድ ተትቶ ነበር። ለካ ኋላዋን ወጥሮ የሚይዘው ያ ገመድ ኖሯል። በማግሥቱ ዓመት የቲቲካካ ሐይቅ የአይማራ ባለሙያዎች ያሰሯት «ራ 2» በ57 ቀናት ባርቤዶስ ገባች። ደንገሉ ያው የኢትዮጵያ ደንገል ነበር፤ የተለወጠው አስተሳሰሩ ነው።

ታንኳ አንድ ነገር ይጎድላታል፤ ከሆዷ በታች ውሃውን የሚይዝ አካል የላትም። ነፋስ ከጎን ሲመታት እንደ ቅጠል ትንሸራተታለች። ቀዛፊዎች ሐይቁ በሚረጋበት ማለዳ መጓዝን የሚመርጡት ስለዚህ ነው። በሌላው ዓለም የሸራ ጀልባ ሠሪዎች ይህን ችግር የፈቱት ከወለሉ መሃል በስንጥቅ በኩል ወደ ውሃ በሚወርድ ሰሌዳ ነው። የኤኳዶርና የፔሩ የጥንት ባሕረኞችም «ጓራ» የሚሉትን ሰሌዳ ግንድ አስረው በሠሩት መሻገሪያ ግንዶች መካከል ይሰኩ ነበር። ሰሌዳው ጀልባዋን በጎን ከመንሸራተት ይይዛታል፤ ጥልቀት በሌለው ውሃ ደግሞ ወደ ላይ ይነሳል።

የሰሌዳው ሕመም ከታንኳ ሕመም ጋር ይዛመዳል። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ በስንጥቁ ውስጥ ይነክሳል፤ ጠጠርና ጭቃ ሲገባበት አልወርድም ይላል፤ የሚዞርበት ብሎን ሲላላ ውሃ ያስገባል፤ የሚያነሳው ገመድ ከውስጥ ተበልቶ ድንገት ይበጠሳል። የነከሰን ሰሌዳ በመዶሻ መደብደብ ስንጥቁን ያሰፋዋል እንጂ አይፈታውም። ጀልባዋ ወጥታ፣ በጎኗ ተጋድማ፣ ስንጥቁ ታጥቦ፣ ሰሌዳው ደርቆና ተልጎ፣ ቀለም ተቀብቶ ነው የሚመለሰው። ለታንኳም ለሰሌዳም ፍተሻው የሚጀመረው ከውሃ በማውጣት ነው።

ዛሬ ጣና ላይ የሞተር ጀልባው በዝቷል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የተስፋፋው እምቦጭም ዳርቻውን ከደንገሉ ጋር ይሻማል። ደንገሉ ከተመናመነ ታንኳ ብቻዋን አትሄድም፤ ማሰሪያን በጣት መዝኖ ውሃ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው እጅም አብሮ ይጠፋል። ያ እጅ በጽሑፍ አይተካም። ከሠሪው ጎን ተቀምጦ ልጡን አብሮ በመሳብ ብቻ ይተላለፋል።

እኔም የደሴን ልጆች አደራ የምለው ይህንኑ ነው። ጣና የመውረድ ዕድል ስታገኙ ከመሳፈራችሁ በፊት ዛፍ ተደግፋ የቆመችው ታንኳ አጠገብ ሂዱ፣ ማሰሪያዋን በጣታችሁ ንኩ፣ ባለቤቷንም መቼ እንዳወጣትና መቼ እንደሚያስገባት ጠይቁ። ከጫፏ ውሃ ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ፣ ለነገው መንገደኛ እየተዘጋጀች ነው።