ጠፍቶ የሚመለስ ጆሮ

ጠዋት ሲነሱ አንድ ጆሮዎ ተደፍኗል። ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮ ያዞሩና «ኩክ ይሆናል፤ ብርድም መትቶኝ ይሆናል» ይላሉ። ጆሮው ይጮኻል፤ አንዳንዴ ቤቱም ይዞራል። በሳምንቱ መስማት ሳይጠሩት ይመለስና ነገሩ ይረሳል። ከወራት በኋላ ያው ጆሮ ዳግም ይጠፋል። «ባለፈው በራሱ ለቆኝ የለ?» የሚለው መዘናጋት የሚመጣው ያኔ ነው።

ሐኪሞች ድንገተኛ የመስማት መቀነስ የሚሉት በ3 ቀን ውስጥ ቢያንስ 30 ዴሲቤል ሲጠፋ ነው። ከ10 ታማሚ የ9ኙ መነሻ አይታወቅም። የቀንድ አውጣ ቅርፊት የምትመስለው ኮክሊያ 15,000 ገደማ ፀጉር መሰል ሴሎች አሏት፤ ደም የሚደርሳት ግን በአንዲት ቀጭን የደም ሥር ብቻ ነው። የሰው ፀጉር መሰል ሴል አንዴ ከሞተ አይተካም። ዶሮ በዚህ ትበልጠናለች፤ የሞተባትን መልሳ ታበቅላለች፤ ተመራማሪዎች ይህን በ1988 (እ.ኤ.አ.) አሳይተዋል። እኛ «ተመለሰልኝ» የምንለው የደከመው ሴል ሲያገግም ነው።

ሳይታከሙ የሚድኑ ብዙ ናቸው። ለዚህም ነው ለሕመሙ የሚሰጠው የስቴሮይድ መድኃኒት ምን ያህሉን እንዳዳነ በትክክል መለካት ያስቸገረው። ቢሆንም የተሻለው ዕድል በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ነው፤ በክኒን ካልሆነ በታምቡሩ በኩል በመርፌ ይሰጣል።

ለሚመላለሰው ሕመም አንዱ ምክንያት በውስጥ ጆሮ ፈሳሽ ሲበዛ የሚመጣው፣ ፈረንሳዊው ፕሮስፔር ሜኒዬር በ1861 (እ.ኤ.አ.) የገለጸው በሽታ ነው። በዚህ ሕመም ቀድሞ የሚደበዝዘው ወፍራሙ ድምፅ ነው፤ ከበሮው ጠፍቶ ጸናጽሉ ይሰማል። መጀመሪያ አካባቢ መስማት ይመለሳል፤ እየተደጋገመ ሲሄድ ግን የሚቀር ነገር ይኖራል። ሁለቱም ጆሮ በተራ ከደከመ ሐኪሙ የሰውነት መከላከያ ራሱን አጥቅቶ እንደሆነ ይመረምራል። በመስማት ነርቭ ላይ የሚበቅል ዕጢም አለ፤ በስቴሮይድ መሻል ዕጢ ላለመኖሩ ዋስትና ስላልሆነ ኤምአርአይ ይታዘዛል።

ጆሮዎ ሲደፈን አፍዎን ገጥመው «ህምምም» ይበሉ። ድምፁ በተደፈነው ጆሮ ከጎላ ኩክ ሊሆን ይችላል። በደህናው ከጎላ ግን ችግሩ የውስጥ ጆሮ ሳይሆን አይቀርም፤ ያለፈውን የመስማት ምርመራ ወረቀት ይያዙና ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።