የድመት ቁንጫና የኮሶ ትል
በድመት አንጀት ከሚኖሩ ጥገኛ ትሎች አንዱ የሆነው የኮሶ ትል ሕይወቱ ከቁንጫ ጋር የተሳሰረ ነው፤ እንቁላሉን የቁንጫ እጭ፣ ማለትም ገና ያላደገው ቁንጫ፣ ይበላዋል፤ ድመቷም ጠጉሯን ስትልስ ያደገውን ቁንጫ ስትውጥ ትሉ ወደ አንጀቷ ይገባል። በፊንጢጣዋ ዙሪያና በመኝታዋ ላይ የሚታዩት፣ የሩዝ ፍሬ የሚመስሉት ቁርጥራጮች ከትሉ አካል የተገነጠሉ ናቸው። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ትሉን ቢገድልም ቁንጫው ካልጠፋ ድመቷ መልሳ ስለምትያዝ፣ ትሉን ብቻ ማከም ገንዘብ ማባከን ነው። አብዛኛው የቁንጫ እንቁላልና እጭ ያለው በገላዋ ላይ ሳይሆን በምንጣፍና በመኝታ ውስጥ በመሆኑ፣ ጨርቁን በሙቅ ውኃ ማጠብ የሕክምናው አካል ነው። ለውሻ የተዘጋጀና ፐርሜትሪን ያለበት የቁንጫ መድኃኒት ግን፣ የድመት ጉበት በአግባቡ ሊያስወግደው ስለማይችል፣ አንቀጥቅጦ ሊገድላት ይችላል።