ከፊልሙ የተቆረጠው የአባት ስጦታ

ሰንበት ከወጣ በኋላ በጊቫት ሃሞሬ ብዙ ቤት የሚታየው ተመሳሳይ ነው። ልጆች ቴሌቪዥን ፊት ተደርድረው ሰማይ ላይ የሚበር ጀግና ያያሉ። አባትና እናት፣ አያትም ካሉ አያት፣ ከኋላ ተቀምጠው ቡና እየጠጡ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላሉ። ልጁም ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በዕብራይስጥ ሊያስረዳ ይሞክርና ይሰለቻል። ውድ አንባቢያን፣ ስለ እነዚህ ፊልሞች ዛሬ የምንጽፍላችሁ ለጨዋታ ያህል ብቻ አይደለም፤ ከልጆቻችሁ ጋር የምታወሩበት ነገር እንዲኖራችሁም ብለን ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። በፊልም ላይ የምናየው ከተቀረጸው ሁሉ ተመርጦ የቀረው ብቻ ነው። ሌላው ተቆርጦ ይወጣል። አንዳንዱ የሚቆረጠው ፊልሙ ስለረዘመ ነው፤ አንዳንዱ ግን በገንዘብ ወይም በጠብ ምክንያት ነው። የተቆረጠውም ታሪኩን ሊለውጠው ይችላል።

ስደተኛው ሱፐርማን

ሱፐርማንን የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት ወጣቶች ናቸው። ሁለቱም ወደ ሰሜን አሜሪካ የተሰደዱ አይሁድ ቤተሰቦች ልጆች ነበሩ። ታሪኩ በሥዕል ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1938 ነው። ሕፃኑ የተወለደበት ዓለም ሲጠፋ ወላጆቹ ብቻውን ወደ ሩቅ አገር ይልኩታል። እዚያም አዲስ ስም ይሰጠዋል። በአገሩ ካል ኤል የነበረው በመጣበት አገር ክላርክ ይባላል። «ኤል» በዕብራይስጥ አምላክ ማለት ስለሆነ፣ የመጀመሪያ ስሙ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። በአንድ ስም ተወልዶ በሌላ ስም ትምህርት ቤት የገባ ልጅ በማኅበረሰባችንም ሞልቷል።

በ1978 ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ዶነር ታሪኩን ትልቅ ፊልም አደረገው። የሱፐርማንን አባት ሆኖ የሠራው ስመ ጥሩው ተዋናይ ማርሎን ብራንዶ ነው። የሁለተኛውም ፊልም ብዙ ክፍል አብሮ ተቀርጾ ነበር። ይሁን እንጂ ዶነር ከአዘጋጆቹ ጋር ስለተጣላ ፊልሙ ለሌላ ዳይሬክተር ተሰጠ። ከብራንዶም ጋር የገንዘብ ክርክር ስለነበረ አባትየው የሚታይበት ክፍል ሁሉ ተቆርጦ ወጣ፤ በእሱ ፈንታ እናትየው እንድትናገር ተደረገ። ፊልሙም በ1980 እንዲሁ ታየ።

በዚያ ፊልም ላይ ሱፐርማን ለሚወዳት ሴት ሲል ኃይሉን ይተዋል። ኋላ ግን አንድ ሰው ሲደበድበውና ጠላት ሲነሣ ይጸጸታል። አባቱን እየተጣራ ወደ በረዶው ቤት ይመለሳል፤ የሚያበራ አረንጓዴ ድንጋይም ያገኛል። ከዚያ በኋላ ኃይሉን አግኝቶ እናየዋለን። እንዴት እንዳገኘው ግን አይታይም።

መልሱ የነበረው በተቆረጠው ክፍል ውስጥ ነው። በ2006 የዶነር ሥራ እንደገና ተሰናድቶ ሲወጣ ሰው ሁሉ አየው። አባትየው ለልጁ ይገለጥና የቀረችውን የመጨረሻ ኃይሉን ሰጥቶት እሱ ለዘለዓለም ይጠፋል። ተመልካች ለ26 ዓመት ጠንካራውን ልጅ ሲያይ ኖሯል፤ ጥንካሬው ከማን እንደመጣ ግን አላየም።

የሽማግሌው ጥያቄ

ሁለተኛው ታሪክ ደግሞ ስለ ቋንቋ ነው። በ2016 በወጣ አንድ የአሜሪካ ፊልም ላይ ዋካንዳ የምትባል የምናብ አፍሪካዊት አገር ንጉሥና ልጁ ሲነጋገሩ ይታያሉ። ንጉሡን ሆኖ የሠራው የደቡብ አፍሪካው ተዋናይ ጆን ካኒ ነበር። ንግግሩ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ካኒ ግን አፍሪካዊ አባትና ልጅ ብቻቸውን ሲሆኑ ለምን በእንግሊዝኛ ያወራሉ ብሎ ጠየቀ። በእናቱ ቋንቋ በኮሳ እንዲናገሩም ሐሳብ አቀረበ። ዳይሬክተሮቹ ተቀበሉት። ልጁን የሠራው አሜሪካዊው ቻድዊክ ቦዝማንም ቃላቱን ከሽማግሌው ተማረ። በ2018 «ብላክ ፓንተር» የተባለው ፊልም ሲወጣ ኮሳ የዋካንዳ ቋንቋ ሆኖ ቀረ፤ ዓለምም በሙሉ ሰማው። ይህ ሁሉ የመጣው አንድ ሽማግሌ በሰው አገር ሲሠራ በቋንቋው ባለማፈሩ ነው።

አማርኛም ቢሆን ከዚህ ዓይነቱ ፊልም አልራቀም። በ2015 ሚጌል ላንሶ የተባለ ስፔናዊ ዳይሬክተር «ክራምብስ» የሚባል የወደፊት ዘመን ፊልም በኢትዮጵያ ሠርቷል። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ይጫወቱበታል፤ የሚናገሩትም አማርኛ ነው። ዓለም ከጠፋች በኋላ ያለውን ዘመን ለማሳየት ውድ ግንባታ አላስፈለገም። በአፋር ምድር፣ ከባሕር ጠለል በታች ያለው የዳሎል ቢጫና አረንጓዴ መሬት ራሱ ሌላ ዓለም ይመስላል። የእኛ ዘመን የፕላስቲክ መጫወቻዎች በዚያ ፊልም ላይ እንደ ቅርስ ተከብረው ይታያሉ።

እኛስ ምን እንቆርጣለን?

ብዙ ወላጆች ለልጆቻቸው የሚነግሩት ታሪክ አውሮፕላኑ ከወረደበት ቀን ይጀምራል። ከዚያ በፊት የነበረው ዝም ይባላል። በጎንደርና በአዲስ አበባ በጥበቃ ያለፉት ዓመታት፣ የቤት ኪራዩ፣ ተለይተው የቀሩት ወንድሞችና እኅቶች፣ ቀደም ብለው በሱዳን በኩል የመጡት ደግሞ መንገድ ላይ የቀበሯቸው ሰዎች አይነሡም። ወላጅ ዝም የሚለው ልጁን እንዳያሳዝን ነው። ልጁ ግን በኡልፓን ፊደል ሲያስቸግራቸውና በቢሮ አስተርጓሚ ሲፈልጉ ብቻ ካያቸው፣ አባቱንና እናቱን ደካሞች አድርጎ ሊቆጥራቸው ይችላል። የራሱ ብርታት ከማን እንደመጣ የሚያሳየው ክፍል ተቆርጦበታል።

የምንኖርበት ኮረብታም የራሱ ጀግና አለው። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 7 እንደተጻፈው፣ ጌዴዎን የምድያምን ሠራዊት ሊወጋ ሲመጣ ጠላት የሰፈረው በዚሁ በሞሬ ኮረብታ አጠገብ በሸለቆው ነበር። ከ32,000 ሰው 300 ብቻ ይዞ ድል አደረገ። ነገር ግን መጽሐፉ ድሉን ብቻ አልጻፈም። ጌዴዎን ጠላትን ፈርቶ ስንዴውን በስውር ይወቃ እንደነበረ፣ ከአባቱ ቤት ሁሉ ታናሽ ነኝ እንዳለም ጽፏል። ፍርሃቱ ስላልተቆረጠ ጀግንነቱ አልቀነሰም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ሰንበት ማታ ፊልሙ ሲያልቅ፣ ለልጆቻችሁ ከመንገዱ አንዲት ነገር ንገሯቸው። ዕድሜያቸው የሚችለውን ያህል ይሁን፤ በአማርኛም ይሁን። ቃሉ ቢከብዳቸው ይጠይቋችኋል። አያት በቤት ካለች ደግሞ ልጆቹ ድምጿን በስልክ ይቅረጹት፤ አንድም ሳይቆርጡ።