የሸተተው ውሃው ነው ወይስ ማደሪያው?

“ውሃ መጣ!” ሲባል ሰፈሩ ይነቃቃል። ጀሪካን ይደረደራል፣ ባልዲ ይወጣል፣ ሳምንት የተጠራቀመ ልብስ ይዘፈዘፋል። አንዳንድ ቀን ግን ቧንቧው ሲከፈት ከውሃው ቀድሞ ሽታው ይደርሳል። የገማ እንቁላል የሚመስል አለ፤ ረግረግ ረግረግ የሚል አለ፤ ዝገት ዝገት የሚልም አለ። ያኔ አፍንጫ ተይዞ ምርመራ ይጀመራል። አንዱ “አይጥ ገብቶበት ነው” ይላል፤ ሌላው “ከምንጩ ነው” ብሎ የውሃ አገልግሎቱን ይወቅሳል፤ ሦስተኛው “ሮቶውን ጥሎ ሌላ መግዛት ነው” ብሎ ይፈርዳል። ሦስቱም ሳያጣሩ ነው የተናገሩት። አበው “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” ያሉት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ነገሩን ከአማኑኤል እንጀምረው። የማቻከል ወረዳ መቀመጫ የሆነችው አማኑኤል ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በዓባይ በረሃ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፍ ሁሉ ያውቃታል። ከበላይዋ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ አለ። ጨሞጋው፣ ጀደቡ፣ ጠምጫው፣ ሙጋው ሁሉ ውሃቸው ከዚያው ነው። ከእንዲህ ያለ ተራራ ሥር ተቀምጦ ስለሸተተ ውሃ ማውራት ያስገርም ይሆናል። ግን ከምንጩ ጥርት ብሎ የወጣ ውሃ እቤት እስኪደርስ ድረስ ብዙ ማደሪያ አለው፤ ማጠራቀሚያ ጋን፣ ቧንቧ፣ ሮቶ፣ ጀሪካን፣ ቦይለር። አብዛኛው ሽታ የሚፈጠረው ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ነው።

በመንገድ ዳር ከተሞች ሁሉ የተለመደ ምልልስ አለ። ከባድ መኪና የሚነዳ እንግዳ አልጋ ይዞ ፊቱን ሊታጠብ ቧንቧ ይከፍትና ይመለሳል።

“እህቴ፣ ይሄ ውሃ ምን ሆኖ ነው? ይሸታል እኮ።”

“ምን ላድርግ ጋሼ፣ ሮቶው ነው። ትንሽ ያፍስሱት፣ ይተዋል።”

እውነትም ትንሽ ሲፈስ ይተዋል። ለምን እንደሚተው ያወቀ ሰው ግን ግማሹን መፍትሔ አግኝቷል።

መጀመሪያ ብርጭቆ ይዞ መውጣት

ገንዘብ ከማውጣት በፊት አንድ ሳንቲም የማያስወጣ ምርመራ አለ። ንጹህ ብርጭቆ ውሃ ሞልታችሁ ከመታጠቢያ ቤቱ ወይም ከወጥ ቤቱ ውጡ። ግቢ ወይም በረንዳ ላይ ሆናችሁ አሽትቱት። ውሃው እዚያ የማይሸት ከሆነ ጥፋቱ የውሃው አይደለም፤ ሽታው የወጣው ከፍሳሽ ጉድጓዱ ነው። ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለችው ጥምዝ ቧንቧ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ይዛ የፍሳሹን ሽታ እንድታግድ የተሠራች ናት። ብዙ ቀን ካልተጠቀማችሁባት ትደርቃለች፣ ሽታውም ሽቅብ ይወጣል። አንድ ጆግ ውሃ ማፍሰስ ይበቃል። በቃ!

ውጭም ከሸተተ ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል። የሚሸተው ሙቁ ነው ወይስ ቀዝቃዛው? ሙቁ ብቻ ከሆነ ቦይለሩ ነው። ቀዝቃዛውም ሙቁም ከሆነ ወይ ሮቶው ነው ወይ ከመስመሩ የመጣው ውሃ ነው። እነዚህን ለመለየት ደግሞ ከሮቶው በፊት፣ ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ቧንቧ ቀድቶ ማሽተት ነው። እዚያ ካልሸተተ የውሃ አገልግሎቱ ነጻ ነው፤ ጥፋተኛው ጣራችሁ ላይ ተቀምጧል።

የሽታው ዓይነትም ይናገራል። የገማ እንቁላል ከሆነ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው ጋዝ ነው። አፈር አፈር የሚለው ብዙ ጊዜ ከአልጌና ከመሰል ጥቃቅን ሕይወት ነው። ዝገት ከሆነ ብረት ነው። አዲስ ሮቶ ወይም አዲስ ጎማ ከሆነ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል፤ ደጋግሞ ማጠብ ያስለቅቀዋል። የሽንት ቤት ሽታ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ሮቶው ውስጥ ምን ይደረጋል?

ሮቶ የአምራች ስም ነበር፤ ዛሬ የማንኛውም የፕላስቲክ ታንከር ስም ሆኗል። ሮቶ ውሃ ያስቀምጣል እንጂ አያጠራም። በየፈረቃው ከሚመጣው ውሃ ጋር ደቃቅ አፈር ይገባና ከታች ይዘቅጣል። መውጫው ቧንቧ ከታንከሩ ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ ስለሚገጠም ዝቃጩ አይወጣም፤ ዓመት ከዓመት ይደራረባል። ግድግዳው ላይም እጅ ሲነካው የሚያሟልጭ ልጋግ ይፈጠራል። ልጋጉ የባክቴሪያ ሰፈር ነው።

ውሃው ከጣቢያው ሲወጣ ክሎሪን ተደርጎበት ይሆናል። ክሎሪን ግን እንደ ጨው ተሟሙቶ የሚቀር ነገር አይደለም፤ ከቀን ወደ ቀን እየሳሳ ያልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ለተጠቃሚ ሲደርስ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ቀሪ ክሎሪን እንዲኖረው ይመክራል። ያ ጥበቃ ካለቀ በኋላ ኦክስጅን በሌለው ዝቃጭ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በውሃው ያለውን ሰልፌት ወደ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይቀይሩታል። አፍንጫ ይህን ጋዝ በጣም ጥቂት ሆኖ ሳለ ይለየዋል፤ በሊትር ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ግራም ሲደርስ ይሸተናል።

እዚህ ላይ የሒሳብ ስህተትም አለ። “ትልቅ ሮቶ ይሻላል” ይባላል። በቀን 100 ሊትር የሚጠቀም ቤተሰብ 2,000 ሊትር ሮቶ ካስቀመጠ የ20 ቀን ውሃ ነው የያዘው። ውሃ በሚጠፋበት ከተማ ይህ ብልህነት ነው፤ ግን ሃያ ቀን የቆመ ውሃ ይዞ እንዳለ ማወቅም አለበት። ብርሃን የሚያሳልፍ ነጣ ያለ ታንከር ከሆነ አረንጓዴ ያበቅላል። ክዳኑ የተሰነጠቀ ከሆነ በረሮውም ወፉም እንግዳ ይሆናል።

በረኪናው በልክ ሲሆን

እናቶቻችን ጋን ሲሸት አይጥሉትም። በግራዋ ቅጠል ፈትገው ያጥቡታል፣ በወይራ ያጥኑታል፣ ከዚያ ነው ጠላ የሚጠነሰስበት። ጥበቡ ግልጽ ነው፤ አስቀድሞ እድፉን ማስለቀቅ፣ ቀጥሎ የቀረውን መግደል። ለሮቶም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዝቃጩ ሳይወጣ በረኪና ሲጨምር ነው። በረኪናው ጉልበቱን በጭቃው ላይ ይጨርስና በሳምንቱ ሽታው ይመለሳል።

እንዲህ ይደረግ፦

1. ውሃው ይፍሰስ። የቀረው ዝቃጭ በጨርቅና በባልዲ ተጠርጎ ይውጣ። ግድግዳው ረጅም እጀታ ባለው ለስላሳ ብሩሽ ይፈተግ። ሽታ ያለው የሳሙና ዱቄት አይግባበት፤ እሱ ራሱ ቶሎ አይለቅም።

2. ሁለት ጊዜ በንጹህ ውሃ ይለቅለቅ።

3. ሮቶው እየሞላ ሳለ በረኪና ይጨመር። መለኪያው ለ1,000 ሊትር 1 ሊትር ነው፤ ለ500 ሊትር ግማሽ፣ ለ2,000 ሊትር ሁለት። ይህ ስሌት 5 በመቶ ጥንካሬ ላለው፣ ሽቶ ላልገባበት በረኪና ነው። ከፀሐይ የዋለ ወይም የቆየ በረኪና ጉልበት የለውም።

4. እያንዳንዱ ቧንቧ፣ ሻወሩም ጭምር፣ በረኪና በረኪና እስኪሸት ይከፈትና ይዘጋ። ይህ ከተረሳ ሮቶው ጸድቶ ቧንቧው ቆሻሻ እንደሆነ ይቀራል።

5. ቢያንስ 12 ሰዓት ይቆይ። ማታ ተጨምሮ ጠዋት ቢፈስ ይመቻል። በዚህ መሐል ማንም እንዳይጠጣ፣ ለቤቱ ሁሉ ይነገር።

6. ውሃው ወደ ጓሮ አትክልት፣ ወደ ወንዝ ወይም ከብት ወደሚጠጣበት ሳይሆን ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ ይፍሰስ። እንደገና ተሞልቶ ሽታው እስኪጠፋ ይለቅለቅ።

ለ20 ሊትር ጀሪካን 20 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አራት የሻይ ማንኪያ ይበቃዋል። ከዚያ በፊት ጥቂት ጠጠርና ውሃ አድርጎ መናጥ ከውስጥ የያዘውን አረንጓዴ ያስለቅቃል።

ሁለት ነገር በጥብቅ! በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር አታደባልቁ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ትልቅ ታንከር ውስጥም ማንም ሰው ብቻውን አይግባ። ከላይ ሆኖ የሚያየው፣ ሲጣራ የሚሰማው ሌላ ሰው የግድ ይኑር።

ሙቁ ብቻ ሲሸት

ቦይለር ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ዘንግ አለ፤ ቧንቧ ሠራተኞች አኖድ ይሉታል። ብዙ ጊዜ ከማግኒዥየም ይሠራል። ሥራው መሞት ነው፤ እሱ እየተበላ የቦይለሩ ብረት እንዳይዝግ ያደርጋል። ችግሩ ዘንጉ ሲበላ የሚፈጠረው ነገር ሽታ ለሚሠሩት ባክቴሪያዎች ምግብ መሆኑ ነው። ለብ ያለ፣ ብዙ ቀን ያልተነካ ቦይለር ደግሞ ለእነሱ ሠርግና ምላሽ ነው።

መላው ሦስት ደረጃ አለው። አንደኛ፣ ሙቀቱን 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ አድርጎ ለጥቂት ሰዓት ማቆየት፣ ከዚያም በየቧንቧው ማፍሰስ። ልጆች እንዳይቃጠሉ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ መብራቱን ከብሬከሩ አጥፍቶ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፣ ቦይለሩን አፍስሶ ዝቃጩን ማስወጣት፤ ሮቶው በበረኪና ሲታከም እሱንም አብሮ ማከም። ሦስተኛ፣ አሁንም ካልተወ የማግኒዥየሙን ዘንግ በባለሙያ በአሉሚኒየምና ዚንክ ዘንግ ማስለወጥ። ዘንጉን አውጥቶ እንዲያው መተው ግን አይመከርም፤ ሽታው ይጠፋል፣ ቦይለሩም በዝገት ይበሳል።

ውሃ ተሸክሞ ለሚጓዝ

ይህ ችግር የቤት ብቻ አይደለም። በውጭ አገር መኝታና ወጥ ቤት ያለው መኪና ይዘው የሚዞሩ ሰዎች ዋና ምሬታቸው ይኸው ነው። ክረምቱን የቆመ መኪና በበጋ ሲነሣ ቧንቧው የገማ እንቁላል ይሸታል። እነሱም የሚያደርጉት ያንኑ ነው፤ አፍስሰው፣ በበረኪና አሳድረው፣ ለቅልቀው ይነሣሉ። የኛ አገር ሾፌር ከተሳቢው ጎን ያሰራት ጀሪካን ወይም ታንከርም ከዚህ አትለይም። ቀን የዓባይ በረሃ ሙቀት ያገኛታል፣ ሌሊት የጎጃም ደጋ ያቀዘቅዛታል፣ ታጥባም አታውቅ። ጉዞ ሲያልቅ ባዶ አድርጎ፣ ክዳኗን ከፍቶ ማድረቅ፣ በወር አንዴ በበረኪና ማሳደር ከሆድ ሕመም ያድናል። ጭነት ይዞ መንገድ ላይ መታመም ምን እንደሆነ ሾፌር ያውቀዋል።

ያልሸተተ ሁሉ ንጹህ አይደለም

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው። የገማ እንቁላል የሚሸት የቤት ውሃ ብዙ ጊዜ የሚያስጠላ እንጂ የሚገድል አይደለም። ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ደጋግሞ ሲገለባበጥ ወይም ሲፈላ ጋዙ በኖ ይሄዳል። የሚገድለው ብዙ ጊዜ ሽታ የለውም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር ቋራ ወረዳ፣ በበርሜል ጊዮርጊስ ጸበል አካባቢ የተነሣው ኮሌራ ሰዎችን የቀጠፈው ማንም አሽትቶ ሊያውቀው ሳይችል ነው።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ደግሞ ልዩ አደጋ አለ። መስመሩ ባዶ ሲሆን ቧንቧው በተሰነጠቀበት በኩል በዙሪያው ያለውን እርጥበት ወደ ውስጥ ይስባል። አጠገቡ ሽንት ቤት ወይም የፍሳሽ ቦይ ካለ የሚስበው እሱን ነው። ስለዚህ ውሃ ሲመጣ የመጀመሪያው ባልዲ ለወለል ይሁን፣ ወደ ሮቶ አይግባ። የሽንት ቤት ሽታ ከተሰማችሁ ግን መጠጣቱን አቁማችሁ ለውሃ አገልግሎቱና ለጤና ጣቢያው ዛሬውኑ ንገሩ። ለጎረቤትም ንገሩ፤ መስመሩ የጋራ ነው።

ለመጠጥ፣ በተለይ ለሕፃናት፣ እንደ ውሃ አጋር ያለውን ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ አንዱ መንገድ ነው። ሌላው ማፍላት ነው። ደጋ ላይ ላላችሁ አንድ ማስታወሻ አለ፤ ደብረ ማርቆስ ከፍታዋ ከ2,400 ሜትር ስለሚበልጥ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ግድም ነው። ስለዚህ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ብዙ ሰው አንድ ጊዜ ሲንተከተክ አይቶ ያወርደዋል።

ሮቶ ማጠብ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢሆን ይበቃል። አንዱ ክረምቱ ወጥቶ የጎርፉ ድፍርስ ሲያበቃ፣ በመስቀል ሰሞን፤ ሁለተኛው ለፋሲካ ቤት ሲጸዳ። የታጠበበትን ቀን በቀለም ሮቶው ላይ ጻፉት። አልጋ የምታከራዩ ደግሞ በተለይ ጻፉት። እንግዳው ሲጠይቅ “ያፍስሱት፣ ይተዋል” ከማለት ቀኑን ማሳየት ያኮራል።