የሐይቁ ብርድና የጠላቂው ትንፋሽ

ቀዝቃዛ ሐይቅ ውስጥ ለመጥለቅ የሚሰናዳ ጀማሪ በመጀመሪያ የሚያሳስበው ቆዳው ነው። ምክንያት አለው፤ ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። ለዚህ ግን ውሃ የማያስገባው ድራይ ሱት አለለት፤ አጠቃቀሙን በሥልጠና መማር ግድ ቢሆንም። ይበልጥ ሊያስብበት የሚገባው አፉ የሚይዘው የመተንፈሻ መሣሪያ፣ ሬጉሌተሩ ነው። እሱን በረዶ የሚያስይዘው የሐይቁ ቅዝቃዜ ብቻ አይደለም፤ የጠላቂው አተነፋፈስም ጭምር ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ እስከ 200 ባር የታመቀው አየር በሬጉሌተሩ የመጀመሪያ ክፍል ሲያልፍ ግፊቱ ወደ 10 ባር ገደማ ይወርዳል። የታመቀ አየር ድንገት ሲለቀቅ ደግሞ ይቀዘቅዛል፤ የመኪና ጎማ ያስተነፈሰ ሰው ይህን በጣቱ ያውቀዋል። በሞቃት ባሕር መሣሪያው የጎደለውን ሙቀት ከዙሪያው ውሃ ይተካል። 4 ዲግሪ በሆነ ሐይቅ ግን የሚተካበት ሙቀት እጅግ ጥቂት ነው፤ ጨው የሌለበት ውሃ ደግሞ የባሕር ውሃን ያህል እንኳ ሳይቆይ በ0 ዲግሪ በረዶ ይሆናል። በረዶው የሬጉሌተሩን ቫልቭ ከፍቶ ካስቀረው አየሩ ሳያቋርጥ ይንዶቀዶቃል፣ ሲሊንደሩም በደቂቃዎች ውስጥ ባዶ ይቀራል።

ስለዚህ የጀማሪው ዋና ትምህርት ዝግ ብሎ መተንፈስ ነው ብዬ አምናለሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ፊት ሲነካ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ይፈጥናል፤ የፈጠነ ትንፋሽ ብዙ አየር ይስባል፣ ብዙ አየር ደግሞ ቫልቩን ያቀዘቅዛል። ከመጥለቅ በፊት ፊትን በውሃ ማራስና ትንፋሽ እስኪረጋጋ መታገስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከውሃ በላይ ሬጉሌተሩን ደጋግሞ መሞከርም ጉዳት አለው፤ የትንፋሽ እርጥበት ውስጡ ይቀራል፣ ኋላም በረዶ ይሆናል። ወደ ድራይ ሱቱ አየር ሲጨመርም በአጭር በአጭሩ፣ ያውም አየር በሚሳብበት ቅጽበት ሳይሆን በሌላ ጊዜ ቢሆን ይመረጣል።

ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራ፣ ውሃ ወደ ውስጡ የማይዘልቅ ሬጉሌተር ተገዝቶ ሳለ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን ይባል ይሆናል። በእርግጥ ከ10 ዲግሪ በታች ያለ እሱ መግባት አይገባም። ነገር ግን መሣሪያው አደጋውን ያርቃል እንጂ አያስቀረውም፤ የሚያልፍበት አየር ከበዛ እሱም በረዶ ይይዛል። ልምድ ያላቸው ጠላቂዎች ሁለት ለየብቻ የሚዘጉ የሲሊንደር ቫልቮችና ሁለት ሬጉሌተሮች የሚይዙት በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ ሲበላሽ ያ ተዘግቶ በሌላው ይተነፈሳል።

ሞቃት ባሕር እያለ ይህ ድካም ምን ያደርጋል የሚል ጥያቄም ይነሣል። መልሱ በካናዳ፣ ኦንታርዮ፣ በሂውሮን ሐይቅ ዳርቻ ካለችው ከቶበርሞሪ ወደብ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1885 የሰጠመችው ስዊፕስቴክስ የተባለች የእንጨት መርከብ አካል ዛሬም ቅርጹን እንደያዘ እዚያ ይታያል፤ በባሕር ውስጥ እንጨት የሚቦረቡረው የመርከብ ትል ጨው በሌለበት ውሃ አይኖርም። መርከቧ ያረፈችው 6 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ነው፤ ይህም ለጀማሪ መልካም ነው። 20 ሜትር ላይ አንድ ትንፋሽ ከውሃ በላይ ካለው ሦስት እጥፍ አየር ይፈጃል፣ 6 ሜትር ላይ ግን አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ብቻ፤ የቫልቩም ሸክም በዚያው ልክ ይቀልላል።