የንባብ ማኅበራችሁ ምን ይምረጥ?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባላል። የንባብ ማኅበር ጥቅሙም ይኸው ነው፤ አንዱ ያልገባውን ሌላው ያስረዳዋልና። ይሁን እንጂ ርእሱን ሳያስብ የመረጠ ማኅበር ዕድሜው አጭር ነው። የሶፍትዌር ምሕንድስናን ለማጥናት የተሰበሰባችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ ከየት ትጀምራላችሁ?

አዲስ የወጣውን የፕሮግራም ቋንቋ ለማጥናት አትቸኵሉ። እርሱን እያንዳንዱ ሰው ብቻውን ሊማረው ይችላል። ማኅበር የሚያስፈልገው ለሚያከራክር ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ውድቀት ምረጡ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. አርያን 5 የተባለው ሮኬት በተነሣ በ40 ሰከንድ ገደማ በሰማይ ላይ ፈነዳ። ለአርያን 4 የተጻፈው ፕሮግራም እንዳለ ተወስዶለት ነበር፤ የአዲሱ ሮኬት ፍጥነት ግን ከቀድሞው ስለ በለጠ፥ ቍጥሩ ከተመደበለት ስፍራ አልፎ መሪው መሣሪያ ሥራውን አቆመ። የመርማሪዎቹ ዘገባ አጭር ስለ ሆነ በአንድ ማታ ይነበባል። ጥፋቱ የማን ነው ብላችሁ ብትከራከሩ ግን አንድ ማታ አይበቃችሁም።

ቀጥሎ የሥራ ክፍፍልን አንሡ። በአይ.ቢ.ኤም. ታላቅ የፕሮግራም ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፥ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይብሱን ያዘገየዋል አለ፤ አዲሱን ሰው ማስተማርና እርስ በርስ መነጋገር ጊዜ ይወስዳልና። ታዲያ የሎሚው ምሳሌ እዚህ ላይ አይሠራም ማለት ነውን?

ሦስተኛው ርእስ ከራሳችሁ ጠረጴዛ ይነሣ። ኃይሌ የሚለውን ስም አንዱ ጸሓፊ በ«ኃ»፥ ሌላው በ«ሀ» ይጽፈዋል። ሁለቱ አንድ መሆናቸው ያልተነገረው ኮምፒዩተር ግን መዝገቡ የለም ይላል፤ ባለጉዳዩም ነገ ና ተብሎ ይመለሳል። ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራምስ ጳጕሜን 3 ቀን የተወለደውን ሕፃን በየትኛው ወር ይመዘግበዋል? ይህን ለፕሮግራም ሠሪው አስቀድሞ መንገር ያለበት ማን ነው? ፕሮግራሙ ሳይጻፍ የተጠቃሚውን ፍላጎት መመርመር ራሱን የቻለ የምሕንድስናው ክፍል ነው፤ በቢሮ የሚሠራ ሰውም ከመሐንዲሱ ይልቅ የሚያውቀው ነገር አለ።

ለእያንዳንዱ ስብሰባ አንድ አጭር ጽሑፍ ይበቃል፤ ሁሉም አንብቦ ይምጣ፥ አስረጂው በየተራ ይሁን። ርእስ ከመምረጣችሁም በፊት፦ ይህን ካነበብን በኋላ በሥራችን ምን እናሻሽላለን? ብላችሁ ጠይቁ። መልስ የታጣለት ርእስ ለሌላ ጊዜ ይቈይ።